ከዋሄን የተገዛ ዓይን

ከድሬዳዋ የወጣነው መግሪብ እንደተሰገደ ነው። እናታችን በር ላይ ቆማ "ከእህትሽ እንዳትለዪ" አለችኝ። ለታላቄ ለፈትያ ግን ሻሿን ብቻ አስተካከለችላት። የፈትያ ባል ከታሰረ ሰንብቷል። ያሰሩት ታጣቂዎች እሷንም መፈለግ ጀምረው ነበር።

በጅጅጋ አድርገን፣ ድንበሩን በእግር ተሻግረን፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሐርጌሳ ገባን። ከተማዋ ያኔ ገና ከጦርነቱ ፍርስራሽ እየተነሳች ነው። የትም ብትዞሩ የመዶሻ ድምፅ፣ የትም ብትዞሩ የሲሚንቶ አቧራ። ሌሊቱ እንደ ድሬ መች ይሞቃል! ሰዉ ደግሞ ሩዝ በሙዝ ይበላል፤ ሙዝ በሩዝ፣ ወላሂ!

ዳሚ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። ለአከራያችን ለሐጂያ "ጣሪያው ቀዳዳ አለው" ብላት፣ "አምና ጣሪያውም አልነበረም። ቀዳዳ የሚኖረው እኮ ጣሪያ ሲኖር ነው፤ አመስግኚ" አለችኝ።

ለመቆያ ፈቃድ ፈትያ ታሪኳን በእንግሊዝኛ አጽፋ ለስደተኞች ቢሮ ማቅረብ ነበረባት። እኔ መናገሩን በትምህርት ቤት ብለማመድም መጻፉን አልደፈርኩም። ስለዚህ ዋሄን ገበያ፣ ከገንዘብ ዘርዛሪዎቹ አጠገብ ታይፕራይተር ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው ዘንድ ሄድን። ጋሽ ጃማ ይባላል፤ ድሬ ያደገ ስለሆነ አማርኛው እንደኛው ነው።

ፈትያ ገና ሁለት ቃል ሳትናገር አቋረጣት።

"አስፈሪው ዓይን የማን ነው? የፈራውስ?"

"ምን ማለትህ ነው ጋሽ ጃማ?" አልኩት።

"አባዮ፣ እህቴ፣ የእንግሊዝኛ ታሪክ ያለ ዓይን አንጀት አይበላም።"

ታይፑን አንጣጣውና በኩራት አነበበልን። የታጣቂዎቹ ዓይን እንደ ፍም ይነዳል፤ የፈትያ ዓይን ደግሞ በፍርሃት ሰሃን አክሏል። ስተረጉምላት ፈትያ ሰማችኝና "ይህቺ እኔ ነኝ?" አለች።

ቢሮው 26 ጁን ሰፈር ነበር። ሹሙ ፈረንጅ ነው። ወረቀቱን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

"በዚህ ሳምንት ዓይኑ ሰሃን ያላከለ ሰው አልመጣልኝም" አለኝ። "ከዋሄን ነው የምትገዙት?"

"ታሪኩ የራሷ ነው" አልኩት።

"ዓይኑስ?"

እህቴ በጋሽ ጃማ ሰሃን ምክንያት ልትባረር ነው ብዬ ፈራሁ። ሰውዬው ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ "ራሷ ትንገረኝ" አለ።

ፈትያ መሬት መሬቱን እያየች ጀመረች፤ እኔ ከሥር ከሥር እተረጉማለሁ።

"ጎረቤት ቤት፣ ከማሽላ ጆንያ ጀርባ ነበርኩ። ሲገቡ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጅ ሆነን ድብብቆሽ ስንጫወት፣ ከጨፈንኩ የማያዩኝ ይመስለኝ ነበር። አንዱ እላዬ ላይ ቆመ። ሽቶው ሸተተኝ። ባለቤቴ የሚቀባው ሽቶ ነው፤ ሲወስዱት ከቤታችን አንስተውት ነው መሰለኝ። ቆሞ ቆሞ ሄደ። አይቶኝ ይሁን ሳያየኝ አላውቅም። ዓይኑን አላየሁትም።"

እኔም ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሽቶው ላይ ስደርስ እንግሊዝኛው ጠፋኝ፤ አልቅሼ ነው የጨረስኩት። ሰውዬው እስክረጋ ጠበቀኝ፤ ከዚያ አዲስ ወረቀት አውጥቶ በራሱ እጅ ጻፈ። ስንነሳ ግን ያለን ያው ለሁሉም የሚባለውን ነው፤ "ጠብቁ።"

እየጠበቅን ነው። ባለፈው ጁምዓ ከዋሄን ለእናታችን ደወልን። ፈትያ የስልኩን እጀታ ጨብጣ "ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እሱስ፣ ወሬው ተሰማ?" አለች።

"የለም ልጄ።"

"ሰዎቹስ?"

እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማለሁ።

"በደጃችን ያልፋሉ። እንዴት አደርሽ ይሉኛል" አለች። "እኔም እንዴት አደራችሁ እላቸዋለሁ። ምን ላድርግ ልጄ?"

ፈትያ እጀታውን ለኔ ሰጠችኝ።