በእግሬ የተሻገርኩት ድልድይ

ልጄ ሊያገባት የመረጣት ልጅ ወላጆች እንደ እኛው ሐበሾች ናቸው፤ የሚኖሩት ግን ኡጋንዳ ነው፤ ጂንጃ ደርሶ፣ አባይን ተሻግሮ። "ናይል በይው እማዬ፣ የእኛ አባይ ሌላ ነው" ይለኛል ናይሮቢ ያደገው ልጄ። ካርቱም ላይ ይገናኙ የለ፣ ዘመድ ናቸው እለዋለሁ።

አባቱ በሕይወት የለም። ስለዚህ ናይሮቢ ከምንኖርበት ሰፈር ከሳውዝ ሲ ሦስት ሽማግሌዎች ለምኜ፣ ስንቃቸውን ቋጥሬ፣ በአውቶቡስ ይዣቸው ሄድኩ። ጂንጃ ስንደርስ ታላቅየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ የልጅ እናት ከሽማግሌ ጋር ሄዳ እንደማታውቅ፣ ከወንዙ ወዲህ ቁጭ ብዬ እንድጸልይ ነገሩኝ። ታክሲ ያዙና ሄዱ።

ጸለይኩ። ብዙም አልፈጀብኝ። ተነሳሁ።

ድልድዩ ከሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች አናት በወረዱ ወፋፍራም የብረት ገመዶች የተያዘ ነው። ፀጉር ሠሪ ነኝና፣ ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባ መሰለኝ። ከፍታ እፈራለሁ። ናይሮቢ ፓርክላንድስ ያለውን የእግረኛ ድልድይ እንኳ የሰው ክንድ ይዤ ነው የማልፈው። ይሄኛው ደግሞ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። መሐል ላይ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። የድልድዩ ዘበኛ መጥቶ፣ "ማማ፣ እዚህ መቆም አይቻልም" አለኝ በስዋሂሊ። እኔስ መች መቆም አማረኝ? መመለሱም ያው መንገድ ነው ብዬ ወደፊት ሄድኩ።

ልጄ የነገረኝን ቤት ጠይቄ ስገባ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመዋል። የልጅቷ አባት፣ አባት ለሌለው ልጅ ነገ ማን ይጠየቅለታል ብለው ጠይቀው፣ ሦስቱም ጫማቸውን ያያሉ።

"እህቴ፣ ደንቡ እኮ..." አሉ ታላቅየው።

"ጋሼ፣ ብቻዬን ሳሳድገው ደንብ አልጠቀሱብኝም።" ወደ አባትየው ዞርኩ። "የምጠየቅለት እኔ ነኝ። ልጄ ቢያጠፋ ወደ እኔ ይምጡ። ወንዙን በእግሬ የተሻገርኩት ይህን ለመናገር ነው።"

አባትየው አቧራ የለበሰ ጫማዬን አዩ። "ይቀመጡ" አሉ ቀስ ብለው።

"መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም።" ይሄም ደንብ ነው፤ ደንብ እኔም አውቃለሁ።

ከጓዳ የልጅቷ እናት ድምፅ መጣ። "መልስላት እንጂ ሰውዬ፤ ልጅቷስ ካለ እሱ አላገባም ብላ የለ? ሴትዮዋን አቁመህ ልታሳድር ነው?"

አባትየው ሳቃቸው አመለጣቸው። "ይሁን፣ ሰጥተናል" አሉ። ያኔ ተቀመጥኩ።

ስንመለስ አራታችንም በአንድ ታክሲ ሆንን። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ታላቅየው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ለካ እሳቸውም ከፍታ ይፈራሉ። ያየኋቸው ዞሬ ነው፤ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።