ስማቸው ያልታወቀ የአባቴ ካክተሶች

አባቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጓደኛ አላበዙም። ካክተስ ነበራቸው። ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ በቀለም ቆርቆሮ፣ በተቆረጠ ጄሪካን፣ ጠርዙ በተሸረፈ ማሰሮ የተተከሉ እሾሃሞች ከደረጃው እስከ ውሃ ቧንቧው ድረስ ተደርድረው ነበር። ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሳሉ ከከተማችን ሐይቅ ዳር ሆቴሎች፣ ከባልደረቦቻቸው ግቢ፣ ከየደረሱበት እየገነጠሉ በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጧቸው ናቸው። አንዱም ላይ ስም አልተጻፈበትም።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ትዳሬ ፈርሶ ልብሴን በሻንጣ ይዤ ወደ እሳቸው ቤት ስመለስ፣ አባቴ ምን እንደደረሰብኝ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ጎረቤት ሲመጣ ግን በአገጫቸው ያመለክቱኝና "ይቺ ተመላሽ ዕቃ ናት" ይላሉ። እንግዳው ምን እንደሚል ሲጨንቀው እያዩ ይስቃሉ።

ታናሽ ወንድሜ ፋሲሎ ሰፈር ቤት ሠርቶ ሲጨርስ አባታችንን እዚያ ሊወስዳቸው ፈለገ፤ እሳቸውም እሺ አሉ። ዕቃ መለየት በጀመርንበት ሰሞን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

"የልጁ በረንዳ ጠባብ ነው፤ ሁሉንም አልወስድም። ስማቸውን ንገሪኝ። ስሙን ያወቅሽውን እወስደዋለሁ። ያላወቅሽውን አንቺው ነቅለሽ ትጥይዋለሽ።"

"አባባ፣ ብዙዎቹ ካላበቡ በደንብ አይለዩም። ትንሽ ብንጠብቅ..."

"ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማርሁሽ አበባ እንድትጠብቂ ነው? ባልሽም ያመለጠሽ እንዲሁ ስትጠብቂ ነው።"

ሥራዬን ጀመርሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማጉያ መነጽር ይዤ ከእያንዳንዱ ፊት እንበረከካለሁ። ጎድናቸውን እቆጥራለሁ፤ እሾሁ የሚበቅልበትን ጥጥ መሳይ ነጥብ አያለሁ፤ ፎቶ እያነሳሁ በስልኬ አመሳስላለሁ። ስልኩ ለአንዱ ተክል ከፊት ሳነሳው አንድ ስም፣ ከጎን ሳነሳው ሌላ ስም ይሰጠኛል። አባቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል።

ክብ ሆኖ ነጭ ጸጉር የለበሰውን "ማሚላሪያ ነው" አልኋቸው።

"እሺ፣ ይቀመጥ።"

ቀጥሎ ያለውን፣ ጎድናም የሆነውን ድቡልቡል ተክል "ኢኪኖፕሲስ ይመስለኛል" አልሁ።

"ይመስለኛል ስም አይደለም። ንቀይው።"

ነቀልሁት። ሥሩን ከአፈሩ ሳላቅቅ ከጎኑ፣ እሾሁ መካከል የተደበቀ እምቡጥ አየሁ። ጥቂት ቀን ቢታገሡት ያብብና ስሙ ያለ ጥርጥር ይታወቅ ነበር። ወስጄ አሳየኋቸው። ተቀብለው እምቡጡን በአውራ ጣታቸው ጨፈለቁትና "ዘገየ" ብለው መለሱልኝ።

ቅዳሜ ዕለት ተራው የአንድ ረጅም፣ ባለ አራት ማዕዘን ተክል ነበር። ካክተስ ይሁን የእኛው አገር ቁልቋል ዓይቶ ብቻ መለየት አስቸገረኝ። ቁልቋል ሲወጋ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ከካክተስ ግን ውሃ ነው የሚወጣው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ነው ወተት ያለው የሚገኘው። መርፌ አምጥቼ፣ የሚወጣውን በደንብ ለማየት ፊቴን አስጠግቼ ወጋሁት። ወተቱ ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

እሳት የገባብኝ ነው የመሰለኝ። "አባባ፣ ውሃ! ውሃ ይስጡኝ!" እያልሁ ጮኽሁ። የወንበራቸው ድምፅ እንኳን አልተሰማም። ግድግዳውን እየዳበስሁ ቧንቧው ጋ ደርሼ ዓይኔን አጠብሁ፤ ስቃዩ ግን አልተወኝም።

"ቁልቋል ነው" አሉ ከኋላዬ። "አምና እኔንም ክንዴን አቃጥሎኛል። እንግዲህ ስሙን አትረሽውም።"

ያውቁት ነበር። ፊቴን ሳስጠጋ እያዩኝ ነበር።

ክሊኒክ የሄድሁት ጎረቤታችን ደግፋኝ ነው። ሐኪሙ የዓይኔ ብሌን ሽፋን እንደተቃጠለ፣ ቶሎ ባልታጠብ ኖሮ ዓይኔ ይጠፋ እንደነበር ነገረኝ። በፋሻ ሸፍኖ ላከኝ። በኋላ ድኖልኛል።

በማግስቱ አባቴ ዓይንሽ እንዴት ነው አላሉኝም። "የቀሩትስ?" አሉ።

"አላውቃቸውም።"

"የትኛውን ነው የማታውቂው?"

"አንዱንም።"

ጓንት ሳላደርግ፣ ማሚላሪያውን ብቻ ትቼ፣ ከዳር ጀምሬ መንቀል ያዝሁ። እየነቀልሁ በአጥሩ ላይ ከውጭ ወዳለው ቦይ ወረወርኋቸው። አባቴ መጀመሪያ የማስፈራራቸው መስሏቸው ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። እሾህ የሌለው፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ጋ ስደርስ ከወንበራቸው ተነሡ።

"እሱን ተይው። እናትሽ ናት የተከለችው።"

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ቆርቆሮውን በሁለት እጄ ይዤ ዞርሁ። "ስሙ ማነው?"

ወደ እኔ አንድ እርምጃ ተራመዱ።

"ስሙን ይንገሩኝና ልተወው።"

በስሙ ፈንታ "ልጄ" አሉኝ። ከተመለስሁ ወዲህ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ሽሉምበርገራ ይባላል፤ ያለ አበባም እለየዋለሁ። ሳልናገር ነቅዬ በአጥሩ ላይ ወረወርሁት።

ስጨርስ መዳፌ እንደ ጸጉር በቀጠነ እሾህ ተሸፍኖ ነበር። አባቴ ከጓዳ የእናቴን ወረንጦ ይዘው መጡና "እጅሽን አምጪ" አሉ። ብርሃኑ ወዳለበት አስጠግተው አንድ በአንድ ይነቅሉልኝ ጀመር፤ ከሚያስፈልገው በላይ እየጎተቱ።

"ያምሻል?"

"አያምም።"

"ሊያምሽ ይገባል" አሉና ቀጠሉ። እጄን አልነጠቅኋቸውም።

ወንድሜ መኪና ይዞ የመጣ ዕለት ባዶውን በረንዳ አይቶ ደነገጠ። "አባባ፣ ካክተሶቹስ የት ገቡ?"

"እህትህን ጠይቃት" አሉት መኪናው ውስጥ እየገቡ። "አዋቂዋ እሷ ናት።"

ማሚላሪያውን በመስኮቱ በኩል አቀበልኋቸው። ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ እኔን ግን ቀና ብለው አላዩኝም።