ከሦስተኛው ምሰሶ ጀርባ

ሙሉብርሃን አዳማ ውስጥ አትክልት ተራ የሱቅ ማስታወቂያ መሣል ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ጉሮሮውን በቀዶ ሕክምና ከታከመ ወዲህ ድምፅ የለውም፤ ለደንበኛ የሚመልሰው በከሰል ጽፎ ነው።

አንድ ጠዋት መሰላል ላይ እንዳለ፣ የሽንኩርት ደላላው ዘገዬ ከጫኙ ከጫምሳ ሆድ ቢላ መዝዞ ሲያወጣ አየ። ዘገዬ ቢላውን አሽቀንጥሮ ወረወረና፣ "ኑሬ ገደለው!" ብሎ ጮኸ። ባጃጅ ነጂው ኑሬ ቁስለኛውን ሊያነሳ ከባጃጁ ዘሎ ወርዶ፣ ጫምሳ እጁ ላይ ሲሞት እስከ ክርኑ ደም ነክቶት ነበር። ለሰዉ ይኼ በቃው። የመጀመሪያው ድንጋይ የኑሬን ጥርስ አረገፈ።

ፖሊሷ ሌንሳ የከበበውን ሰው በዱላ ሰንጥቃ ገባች፤ ኑሬን ከኋላዋ አደረገችው። ሙሉብርሃን ወርዶ ወደ ዘገዬ ጠቆመ።

"ዱዳው የኑሬ ጓደኛ ነው!" አለ ዘገዬ። "ቢላውስ የታለ?"

"ያሳዩና ጋሼ!" አለች ሌንሳ ወደ ሙሉብርሃን ዞራ። "ቶሎ ይበሉ፣ ብቻዬን አልችላቸውም።"

ሙሉብርሃን የሱቁ ነጭ ግድግዳ ላይ በከሰሉ ሣለ። ያስተማረው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዋናውን ነገር አግዝፎ መሣል አስለምዶታል። ስለዚህ ከባጃጁ ወዲያ ርቆ የወደቀውን ቢላ አግዝፎ ከጎማው አጠገብ አሳረፈው።

"ባጃጁ ሥር ነው!" አለ ከሰዉ አንዱ፤ ባጃጁን ገለበጡት። ምንም የለም።

"ቀጣፊ!" አንዱ በአጣና የኑሬን ትከሻ ሰበረ፤ ሌላው ሙሉብርሃንን በጥፊ አላጋው።

አፉ ደም እንደሞላ በእጅጌው ግድግዳውን ጠረገ። የመንገዱን ሁለት ጠርዝ ወደ አንድ ነጥብ እየጠበቡ እንዲሄዱ አሰመረ። የመብራት ምሰሶዎቹን ወደ ሩቅ እያሳጠረና እያቀጠነ ተከለ። ቅርቡን ባጃጅ ከሰሉን ተጭኖ አጠቆረው፤ ሩቁን አሳሳው። ሦስተኛውን ምሰሶ በጡብ ክምር ላይ ደረበ። ቢላውን ጥፍር አሳክሎ፣ ከክምሩ ኋላ ስለቱ ብቻ ብቅ እንዲል አደረገ።

"ኧረ ያ እኮ የኔ ደጅ ጡብ ነው!" አለች ቲማቲም ሻጯ ጫልቱ። ሮጣ ሄዳ ቢላውን በሻርፗ ይዛ መጣች። እጀታው ቀይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ ዘገዬ ጆንያ ሲቀድበት ገበያው ሁሉ ያውቀዋል።

ያው ድንጋይ፣ ያው አጣና ወደ ዘገዬ ዞረ። ሌንሳ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ሙሉብርሃን ግን ኑሬን ብብቱ ሥር ገብቶ የፈረስ ጋሪ ላይ ጫነው።

"ሙሌ፣" አለ ኑሬ ደም እየተፋ፣ "ባጃጄን ገለበጡት አይደል?"

ሙሉብርሃን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

"ውሾች!" አለ ኑሬ። ጋሪው ወደ ሆስፒታል ጋለበ።