ሽታ የመታው እግር

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ልጠይቀው ሆስፒታል ሄጄ ነበር። በር ላይ አንዲት ነርስ አስቆመችኝና፣ «እማማ፣ እጅዎን ታጥበዋል?» አለችኝ። ከኋላዬ የነበሩት ጠያቂዎች አጉረመረሙ። እኔ ግን እጄን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

ጣልያን ከመግባቱ በፊት የምንኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ነበር። እናታችን ስለሞተች አባቴንና ታላቅ ወንድሜን አየለን የማበላ፣ ቤቱን የምይዝ እኔ ነበርኩ። አየለ ግንበኛ ነው፤ አራዳ ላይ ለአንድ ነጋዴ ፎቅ ይሠራ ነበር። ጥቅምት ላይ፣ የመንገዱ ጭቃ ደርቆ አቧራ መሆን ሲጀምር፣ ከእንጨት መወጣጫው ወደቀ። የቅልጥሙ አጥንት ቆዳውን በስቶ ወጣ።

የአባቴ እህት ወጌሻ ይጠራ አለች። ስሟን አልጽፍም፤ ልጆቿ አሉ። አባቴ ግን በቃሬዛ አሸክሞ ወደ ፈረንጁ ሐኪም ወሰደው። ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶ አጥንቱን አጋጠመና በነጭ ጨርቅ ጠቀለለው። ወደ ቤት ሲልከው በአስተርጓሚ አስጠነቀቀኝ። ጨርቁን ከእሱ በቀር ማንም አይፍታው፣ የሚያስታምመው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ አረቄ እንዳትሰጡት፣ ወተትና እንቁላል አብሉት። መግል አጥንት ውስጥ ከገባ መመለሻ የለውም አለ።

አየለ የአራዳ ልጅ ነው፤ ተኝቶም አፉ አያርፍም። «እንደ ታቦት ጠቅልሎኛል፤ ቄስ ካልሆንሽ አትንኪኝ» ይለኝ ነበር። አጥሚቱን እያጠጣሁት እንስቃለን። ትኩሳት አልነበረውም፤ ጣቶቹን ያንቀሳቅስ ነበር። ጠያቂው ሁሉ ግን «እስቲ ልየው» ይላል። አላሳይም ስል «የፈረንጅ ዘበኛ» አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ ውሃ ቀድቼ ስመለስ አክስቴ ከገበያ መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የገዛቻት ዶሮ እግሯን ታስራ መሬት ላይ ትንፈራገጣለች። በኮባ የተጠቀለለው ቅቤ ተፈቶ ተገምሷል። ጨርቁ ሐኪሙ በማያውቀው ቋጠሮ ታስሯል።

«እትዬ፣ ፈቱት እንዴ?»

«ደርቆ ቢያሳክከው አለሰለስኩለት። ልጄ አይደለም? አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ጣቶቿን በነጠላዋ ጠረገች።

እጅዎን ታጥበው ነበር ወይ ልላት ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለታላቅ ሰው ግን እንዲህ አይባልም። አየለም «ተያት፤ እኔ እፎይ ብያለሁ» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ እግሩ አበጠ፣ ገላው እንደ እሳት ነደደ። ከጨርቁ ሥር የሚወጣው ሽታ ደጅ ድረስ ይሰማል። ጎረቤት ተሰበሰበ። አባቴ በተቀመጠበት አክስቴ እንባዋን እየጠረገች፣ «ሽታ መታው!» አለች። «ሳትነጻ ቁስለኛ ጋ የምትገባ ልጅ ባለችበት ቤት ምን ይደረጋል?»

የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከቀረበች ሽታዋ ቁስል ይመታል፣ ያመረቅዛል ይባል ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አባት ፊት ይህን ማንሳት ነውር ነው፤ «አይደለሁም» ለማለት እንኳ ነገሩን መጥራት ሊኖርብኝ ነው። አክስቴ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«ቅቤ ቀብተውት ነው» አልኩ።

«ቅቤ ደግሞ ማንን ገድሎ ያውቃል!» አለች። ሰዉ ሳቀ። አባቴ መሬት መሬት አየ።

ሐኪሙ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው። አየለ ተረፈ፤ በእኔ ላይ የተባለውን ግን አመነ። ከዚያ በኋላ ጣቱን ቢላ እንኳ ከቆረጠው እኔን ደጃፍ ላይ አስቁሞ «ደህና ነሽ?» ይለኝ ነበር። የሚጠይቀኝ ስለ የትኛው ደህንነት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እስኪሞት ድረስ እንደዚያው። አክስቴ ስትቀበር ደግሞ «የወንድሟን ልጅ በእጇ ያስታመመች» ተብሎ ተለቀሰላት። በእጇስ እውነት ነው። እኔ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ቆምኩ፤ እንባ ግን አልመጣልኝም።

«እማማ?» አለችኝ ነርሷ ደግማ። ወደ ቧንቧው ወሰደችኝ፤ ሳልቸኩል በሳሙና ታጠብኩ። ከኋላዬ አንዷ፣ «ምን ያለችው ናት! ለትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» አለች።

«ይባላል» አልኳት። «ያን ጊዜ ተብሎ ቢሆን ወንድሜ በሁለት እግሩ ይቀበር ነበር።»

ሴትየዋ የማንን ነገር እንደማወራ ግራ ገብቷት አየችኝ። አልነገርኳትም። እጄን አደራርቄ ገባሁ።