አልወርድ ያለው ማርሽ

ይህ የሆነው ኮሮና ከመምጣቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የልጅ ልጄ ትርሐስ አዲስ የኮርስ፣ ማለትም የውድድር፣ ሳይክል ያገኘች ጊዜ ነው። ዛሬም ሰው ስለ ሰው «እንዲህ አደረገ» ሲል ስሰማ ትዝ ይለኛል። የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው ራሷ ትርሐስ ናት፤ «ዓባየይ» የምትለኝ አያቴ ለማለት ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ «ዓባየይ፣ ይኼንን እንኳ እንተወው» ትለኛለች። አንተወውም።

ቤታችን መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ነው፣ ወደ ውቕሮ ከሚወጣው መንገድ ዳር። መቼም መቐለ ጠዋት ጠዋት ሳይክለኛው ብዙ ነው። እኔ ያደግሁት ወሎ ነው፤ ተድሬ ስመጣ ሴት ልጅ ሳይክል ላይ አይቼ አማትቤ ነበር። ኋላ የገዛ ልጄ ልጅ ጋላቢ ሆና አረፈችው።

ሳይክሉን አጎቷ ከአዲስ አበባ በካርቶን አስጭኖ ላከላት። የገጠመላት ሐጎስ ነው፤ ከኛ ቤት ወረድ ብሎ ሳይክል የሚጠግን ጎረቤታችን። «የሰፈሬ ልጅ ናት» ብሎ የእጁን እንኳ አልተቀበለም። ሰቅሎ ፔዳሉን ሲያዞረው፣ ማርሹ ሲወጣ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ። ኮሽ አላለም።

እኔ ግን የዚያ መንገድ መኪና ያስፈራኛል። ከነጭነቱ ሲምዘገዘግ ቤታችን ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ትርሐስ ጎረቤት ስትሄድ ጠብቄ፣ ቄሱ የባረኩልኝን ጥቁር የማዕተብ ክር አወጣሁና ሳይክሉ ላይ አሰርኩት። አንገቷ ላይማ አላት፤ ይኼ ለሳይክሉ ነው። ጓደኞቿ እንዳይስቁባት ብዬ ከፔዳሉ አጠገብ፣ ከብረቱ ሥር እያጠበቅሁ እየደራረብኩ ጠመጠምኩት። ሳይክሉ ጥቁር፣ ክሩ ጥቁር፤ ማን ያየዋል። በዚያ የሚያልፍ ቀጭን ሽቦ ነበር፣ እሱንም ከብረቱ ጋር አብሬ ጠፈርኩት። ሽቦው ምን እንደሚሠራ መች አውቄ!

በማግስቱ ትርሐስ ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች። ማርሹ ወደ ትልቁ ጥርስ ይወጣል፤ ወደ ትንሹ ውረድ ሲሉት ግን አይወርድም፣ ቆይቶ ቆይቶ ድንገት ቋ ብሎ ይዘላል። ልትወድቅ ነበር። ሐጎስ ከኋላ ያለችውን ብሎን ቢያጠብቅ ቢያላላ ወይ ፍንክች። «አዲስ ሽቦ እስኪለጠጥ እንዲህ ያደርጋል። ትንሽ ንጂበትና አምጪው» አላት። ነዳችበት፤ ባሰ።

ቤት ገብታ «ይኼ ሰውዬ አዲሱን ዕቃ ለውጦብኝ ይሆን እንዴ?» አለች።

እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል «ካርቶኑን ሲፈታ ማን አየው?» አልኳት።

ይችን ነው «እንተወው» የምትለኝ።

እሷም ያችን ይዛ ለጓደኞቿ አወራች። ወሬው ሰፈሩን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ሐጎስ ደጅ ይደረደር የነበረው ሳይክል እየሳሳ ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት መፍቻውን ይዞ ቤታችን መጣ። ቁጭ በል ብንለው አልተቀመጠም።

«ትርሐስ፣ ሳይክሉን አምጪው። እዚሁ አደይ ፊት ነው የምፈታው» አለ። አደይ የሚለኝ እኔን ነው፣ እናቴ እንደማለት።

ኮርቻውን ከፍ አድርጌ ያዝኩለት። ሽቦውን ከኋላ በኩል ፈታና በእጁ ሳበው። አልንሸራተት አለ። «የሚይዘው ነገር አለ» አለና ሽቦውን በጣቱ እየዳሰሰ ወደ ፊት መጣ። ከፔዳሉ ሥር ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«የኔ ሥራ ነው፣ ሐጎስ» አልኩት። «መኪናውን ፈርቼ ነው።»

«ዓባየይ!» ብላ ትርሐስ ፊቷን ሸፈነች።

መቁረጫው ኪሱ ውስጥ ነበር፣ አላወጣውም። ማዕተብ አይበጠስም ብሎ ቋጠሮውን በጥፍሩ ፈልቅቆ ፈታና መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «አደይ፣ ሳይክል እኮ አንገት የለውም» ብሎ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። ሽቦውን መልሶ አሰረና ፔዳሉን አዞረው። ማርሹ ልስልስ ብሎ ወረደ።

ትርሐስ እዚያው «ያወራሁብህ እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ» አለችው። ለጓደኞቿም ሄዳ «ሰውዬው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ተናገረች። የኔን ስም አላነሣችም። አንዳንዶቹ ተመለሱለት፤ አንዳንዶቹ ሌላ ጠጋኝ ለምደው እዚያው ቀሩ።

እኔም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ግን ስለ ክሩ ብቻ። «እናት አይደሉ፣ ቢፈሩ ምን ይገርማል» አለኝ። ሽንኩርት እየላጥኩ ያልኳትን ግን አልነገርኩትም። ዛሬ ነገ እያልኩ ይኸው ዓመታት አለፉ። ይህ ጽሑፍ ሲወጣ ያነበው እንደሆነ እንጃ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በደጁ ነው የምናልፈው። ለትርሐስ አንገቱን ነቅነቅ ያደርግላታል፣ በቃ። ለኔ ከመቀመጫው ይነሣልኛል። ሲነሣልኝ ነው የሚያመኝ።