ከቦዩ የመጣው ዓሣ

የመሥሪያ ቤት ሰዎች «ጭቃ ሹም» ይሏታል። ሹመቱ ለቀልድ ነው፤ ጭቃው ግን እውነት ነው። የተዘጋው የተባይ ማጥፊያ ፋብሪካ ቆሻሻውን ለዓመታት ከለቀቀበት ቦይ ሥር ደለል እያወጣች ወደ ላቦራቶሪ ትልካለች። ከጀልባ ላይ ሆና የብረት መንጋጋ በገመድ ትሰዳለች፤ መንጋጋው መሬቱን ነክሶ ሲዘጋ ጎትታ ታወጣዋለች፤ የወጣውን በማንኪያ እየዛቀች በጠርሙስ ትሞላና በረዶ ውስጥ ትቀብረዋለች። ጭቃው ጥቁርና ልስልስ ነው፤ የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭ ሽታ አለው። ሽታው ቤቷ ድረስ የሚከተላት እየመሰላት ከሥራ ስትመለስ ከማንም ጋር ሳታወራ መጀመሪያ ገላዋን ትታጠባለች።

ፋብሪካው ሲዘጋ የተወለደ ልጅ ዛሬ ልጅ ወልዷል። መርዙ ግን የትም አልሄደም። ውሃ አያሟሟውም፤ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ይተኛል። ትሉ ደለሉን ይበላል፣ ዓሣው ትሉን ይበላል፣ መርዙም በስቡ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ የቦዩን ሥር በወፍራም አሸዋ አለበሱት፤ አሸዋው መርዙን አፍኖ መያዙን መከታተል የእሷ ድርሻ ሆነ።

በዚያ ዓመት አረገዘች። ከዚያ በፊት ሁለት ጽንስ ጨንግፎባታል። የአሁኑን ለማትረፍ ያላደረገችው ጥንቃቄ የለም። ለአለቃዋ ወዲያው ነገረች፤ ከዚያ በኋላ እሷ ጀልባው ጫፍ ተቀምጣ ቦታውን ታሳያለች፣ ጭቃውን የሚያወጣው ጀልባ ነጂው ሆነ። ሰውየው ተረበኛ ነው፤ «ሹመትሽን ቀማሁሽ፣ እንግዲህ እጅ ንሺ!» ይላት ነበር።

ቤት ደግሞ አማቷ ነበሩ፤ «አባባ» ትላቸዋለች። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ልጃቸው፣ ማለትም ባሏ፣ በያጅ ስለሆነ ሥራ ባገኘበት ከተማ ሁሉ ይከርማል፤ እሷን የሚጠብቋት እሳቸው ናቸው። እርግዝናዋን ከሰሙ ጊዜ ጀምሮ ዓሣ ማምጣት ጀመሩ። ራሳቸው ያጸዱታል፣ ራሳቸው ይቀቅሉታል።

«ብይ እንጂ! የልጄ ልጅ አጥንቱ አለት መሆን አለበት።»

«አባባ፣ ይሄን ሁሉ ዓሣ ከየት ነው የሚያመጡት?»

«ወዳጅ አለኝ። አንቺ ምን አገባሽ፣ ብቻ ብይ።»

ሥጋውን ለእሷ እየሰጡ፣ እሳቸው ጭንቅላቱንና ጉበቱን ይመጠምጡ ነበር። «ጭንቅላት ለሽማግሌ ነው» ይላሉ። እሷም ትስቃለች፣ ትበላለች። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው።

አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ጎርፉ አሸዋውን በልቶት እንደሆነ ለማየት ከጀልባ ነጂው ጋር ወጣች። ከፋብሪካው አሮጌ መውረጃ ቱቦ ሥር፣ ከአጥሩ ጀርባ፣ አንድ ሰው መንጠቆውን ጥሎ ተቀምጧል።

«እይልኝ ይሄን ደፋር!» አለ ጀልባ ነጂው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ አልነገሩትም?»

ዓሣ አጥማጅ ባየች ቁጥር እንደምታደርገው «ኧረ ከዚህ አይበሉ!» ልትል አፏን ከፈተች። ሰውየው ቀና አሉ። አባባ ነበሩ። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ ከጎናቸው ካለው ባልዲ አንድ ትልቅ ዓሣ በጭራው አንስተው አሳዩዋት።

 እጇ ሳታዝዘው ሆዷ ላይ ሄደ። ስንት ጊዜ በላሁ? ልታስታውስ ሞከረች፤ ያልበላችበት ሳምንት ትዝ አልል አላት። ጀልባ ነጂው ፊቷን አይቶ ሳቁን ዋጠ፣ ሳትነግረውም ጀልባውን ወደ ዳር አስጠጋ።

«አባባ፣ ወዳጅ አለኝ ያሉኝ…»

«ወዳጄማ ይሄው ቦዩ ነው!» አሉ እየሳቁ። «የማስጠንቀቂያው ሰሌዳ የተተከለው ከታች በድልድዩ በኩል ነው፤ እዚህ የለም። ውሃውን እይው፣ ኩልል ያለ ነው።»

«ውሃው ምን አለበት! ጭቃው ነው እንጂ። ዓሣው ውስጥ ነው ያለው፣ አባባ። መርዙ ዓሣው ውስጥ ነው።»

እንዳታስፈራቸው ብላ ስለ ሥራዋ ቤት ውስጥ ተናግራ አታውቅም ነበር። ሽማግሌው መጀመሪያ ባልዲውን አዩ፣ ቀጥሎ ሆዷን። ዓሣውን ከእጃቸው ጣሉት።

«በገዛ እጄ…» አሉ።

በማግሥቱ ሁለቱም ለምርመራ ደም ሰጡ። ውጤቱ እስኪመጣ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። እህል አልወርድ አላት። ሕፃኑ ሲራገጥ ትደነግጣለች፤ ዝም ሲል ይብስባታል። ባሏ ሥራውን ጥሎ መጣ፤ አባቱ ላይ ሊጮህ በሩን በርግዶ ገባ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠው ሲያያቸው ግን ሄዶ ትከሻቸውን ያዘ።

ሐኪሟ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት።

«መርዙ ደምሽ ውስጥ አለ፤ ከብዙ ሰው ይበልጣል። የሚያሳምም መጠን ግን አይደለም። ከእንግዲህ ያንን ዓሣ እንዳትቀምሺ።»

«ልጁስ?»

«ክትትል እናደርጋለን። ምንም አይሆንም ብዬ ልምልልሽ አልችልም፣ ይሆናል ብዬም ላስፈራራሽ አልችልም።»

የአባባ ግን ከእሷ እጅግ የበለጠ ነበር። የሚመጠምጡት ጭንቅላትና ጉበት ስብ የሞላበት ነውና። ሲነገራቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ «ተመስገን! የባሰው እኔ ላይ ይሁን» አሉ።

የደለሉም ውጤት መጣ፤ ጎርፉ ከቱቦው ሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ወስዶታል። አዲስ አሸዋ እስኪደፋ ድረስ አባባ በየጠዋቱ ቦዩ ዳር እየሄዱ መንጠቆ የያዘ ሰው ይመልሱ ጀመር። አንዱ ጎረምሳ «አንተ ደግሞ ማነህ? ዘበኛ ነህ?» ቢላቸው፣ «የበላሁ ሰው ነኝ» አሉት። ጎረምሳው ባልዲውን ደፍቶ ሄደ ይባላል።

ልጅቷ ትንሽዬ ሆና ተወለደች፤ ለቅሶዋ ግን ክፍሉን ሞላው። አዋላጇ ጠቅልላ እናቷ ደረት ላይ አስቀመጠቻትና «በይ አጥቢያት» አለቻት። ጭቃ ሹም እጇ ታሰረ። ስብ ውስጥ ያለው ሁሉ ከወተት ጋር እንደሚወጣ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ሐኪሟ ደግማ ደጋግማ «የጡት ጥቅሙ ይበልጣል፣ እንዳትከለክያት» ብላታለች፤ ጆሮዋ ሰምቷል፣ ልቧ ግን እሺ አላለም። ሕፃኗ እንደሆነ የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም፤ አፏን ከፍታ ፈልጋ አገኘችው። እናቷ ዓይኗን ሳትነቅል እያንዳንዱን ጉንጭ ስትውጠው እያየች አጠባቻት።

ልጅቷ አደገች፣ በእግሯ ሄደች። አፏን የፈታችው ግን ዘግይታ ነው፤ እኩዮቿ ሲያወሩ እሷ በጣቷ ትጠቁም ነበር። ያኔ ቤቱ ያየውን ጭንቅ ያየ ያውቀዋል። ሐኪሟ «ልጅ ሁሉ እኩል አይናገርም» ብትልም ማን ሊሰማ! በመጨረሻ መናገር ስትጀምር እንደ ጎርፍ ሆነ፤ አያቷን «ዝም በይ፣ ጆሮዬን በላሽው» እስኪያሰኛቸው ድረስ ትለፈልፋለች። ሁሉም ይስቃል። እናቷም ትስቃለች። ነገር ግን እስካሁን ልጅቷ ባወራች ቁጥር የጎደለ ቃል እንዳለ እያጣራች ነው የምታዳምጣት።