«ምንም አይደለም ይላል» አልኳት

ይህ የሆነው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ዓመታት አልፈውታል፤ እኔ ግን ዛሬም ታክሲው ኮልፌ 18 ማዞሪያ ሲደርስ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

አንድ ቀን እናቴ ልብስ ስታጥብ ጠራችኝና እጄን ይዛ ጡቷ ላይ አሳረፈችው። ባቄላ የምታክል ጠጣር ነገር ነካሁ።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ሐኪም ቤት ብሄድ ወንድ ቢሆንስ? ምን ብዬ አሳየዋለሁ? አንቺ ተምረሻል፣ እስቲ ኢንተርኔቱን ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ቤታችን ስማርት ስልክ አልነበረም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ማዞሪያው አጠገብ ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ «ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት» ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። የተከለከለ ቃል ነው አለኝ።

«ቁጥር አራት! ምን እየፈለግሽ ነው?» አለች ሠራተኛዋ ከወንበሯ ሳትነሳ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ክፉ ሴት አልነበረችም። «የምትፈልጊውን መዝገቡ ላይ ጻፊና ፈርሚ፣ እከፍትልሻለሁ» አለችኝ። መዝገቡ ግን በሩ አጠገብ ተዘርግቶ የገባ የወጣው ያነበዋል። ከኋላዬ የክፍሌ ልጆች ይሳሳቃሉ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «እሺ፣ ምን ይላል?»

አፍሬ ተመለስኩ ማለት ደግሞ አሳፈረኝ። «ምንም አይደለም ይላል። በራሱ ጊዜ ይጠፋል» አልኳት።

«ተመስገን!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ሄጄ አያለሁ ብዬ ነበር። ፈተና ደረሰ፣ ረሳሁት። እሷም ዳግመኛ አላነሳችውም።

ከዓመት በኋላ ብብቷ ሲያብጥ አባቴ በግድ ሆስፒታል ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሟ ሴት ነበረች። መርምራት ስትጨርስ «እናቴ፣ ይሄን ያህል ጊዜ ምነው ዝም አሉ?» ብላ ጠየቀቻት።

እናቴ ወደ እኔ እያየች ፈገግ አለች። «ኧረ ዝም አላልኩም! ይቺ ልጄ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ሄዳ አንብባልኛለች» አለች፣ በኩራት።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። አባቴም አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

በዚያው ዓመት ቀበርናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እሷ አልደበቀችም፤ ለእኔ ነግራኛለች። የደበቅኩት እኔ ነኝ። ያንን ቀይ ስክሪን ስንቴ ረግሜዋለሁ! ግን አንድ መስመር ጽፌ ብፈርም ይከፈትልኝ ነበር።

አልጋዋ አጠገብ ስንት ቀን ተቀመጥኩ። ይቅር በይኝ ለማለት መጀመሪያ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እሱን ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ቀን አልቻልኩም።